ውሻና ድመት ቤት ከማስገባታችሁ በፊት

ልጆቻችሁ አንድ ቀን መጠየቃቸው አይቀርም። ወይ ጓደኛቸው ቤት ቡችላ አይተው ይመጣሉ፣ ወይ ስልክ ላይ የድመት ቪዲዮ ሲያዩ ውለው «ማሚ፣ እኛስ መቼ ነው?» ይላሉ። እኔ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ መኖር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። «አይሆንም» እያልኩ ስድስት ዓመት ቆየሁ። አሁን ቤቴ ውስጥ አንድ ውሻና አንዲት ድመት አሉ፣ ያለ እነሱ ቤቱ ቤት አይመስለኝም። ግን እዚህ እስክደርስ ብዙ ተሳስቻለሁ። እኔን ቁጭ አድርጎ የነገረኝ አልነበረም፣ ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

ከፍርሃታችን ልጀምር። አብዛኞቻችን ያደግነው ውሻ ቀን ታስሮ ማታ በሚለቀቅበት፣ ፍርፋሪ በልቶ ግቢ በሚጠብቅበት አገር ነው። ድመትም አይጥ እስከያዘች ድረስ ነው የምትፈለገው። ስማቸው ቡቺና ውሮ ነው፣ የጎረቤቱም ቡቺና ውሮ ነው። ደግሞ ውሻ የነከሰው ሰው ምን እንደሚደርስበት አይተናል። አዲስ አበባ ያደገ የኔ ዕድሜ ሰው «ፓስተር» የሚባለው የክትባት ተቋም ሲነሳ መርፌው ነው ትዝ የሚለው፤ የተነከሰ ልጅ በየቀኑ እየተመላለሰ ሆዱ ላይ ይወጋ ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ እናታችሁ ለጥየቃ መጥታ ውሻው ሶፋ ላይ ተጋድሞ ስታየው ብትጮህ አትሳቁባት። ፍርሃቷ እውነት አለው። መከተቡን ንገሯት፣ አንገቱ ላይ ያለችውን የክትባት ምልክት አሳዩዋት፣ ሲመቻት ራሷ ትቅረበው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» እንላለን። እኔ ግን ከሁለቱ ጋር ስኖር የገባኝ፣ አመል የምንለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ንግግር መሆኑን ነው። አፍ ስለሌላቸው በሚችሉት ይናገራሉ። እኛ ካልሰማን ጠባያቸው የተበላሸ ይመስለናል።

ውሻችን በመጣ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ከሌሊት ሺፍት በቀጥታ የቀን ሥራ ደርቤ አመሻሽ ላይ ቤት ስገባ በሩ ሥር አንድ ጫማ ተቦጫጭቆ አገኘሁ። ሥራ የምሄድበት ጥቁሩ ጫማ ነው። አጠገቡ የልጆቹ ስኒከር አለ፣ የባለቤቴ ቡትስ አለ፣ አንዱንም አልነካም። ጮህኩበት። ጆሮውን ወደ ኋላ አጣጥፎ፣ ጭራውን እግሩ መሃል ከቶ መሬት ላይ ተለጠፈ። «አየህ፣ ጥፋቱን ያውቃል» አልኩ። በኋላ ውሻ የምታሠለጥን ሴት ስታስረዳኝ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ውሻ ከሰዓታት በፊት ያደረገውን ከአሁኑ ቁጣ ጋር አያገናኝም። ያ ፊት የኔን ድምፅና አቋም ፈርቶ ነው እንጂ ጥፋት ማመን አይደለም። ጫማውንስ ለምን መረጠ? እኔን እኔን ስለሚሸት። ቀኑን ሙሉ ብቻውን ነበር፣ ከቤቱ ሁሉ እኔን የሚመስል ነገር ያ ብቻ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ጫማ ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባል። ከመውጣቴ በፊት ደግሞ፣ ምንም ቢደክመኝ፣ ሃያ ደቂቃ አስሮጠዋለሁ። የሚቆረጥም ነገር ትቼለት እወጣለሁ። ጎረቤት ያለች የኮሌጅ ተማሪ እኩለ ቀን ላይ መጥታ ታወጣዋለች፣ እከፍላታለሁ። ጫማ ማኘኩ ቀረ።

ይህን ያወራሁት ለምን መሰላችሁ? ብዙዎቻችን ሁለት ሥራ ነው የምንሠራው። የሦስት ወር ቡችላ ከሦስት አራት ሰዓት በላይ ሽንቱን መቋጠር አይችልም። ባልና ሚስት አሥራ ሁለት ሰዓት ሺፍት እየሠራችሁ ቡችላ ካመጣችሁ ለእሱም ለእናንተም መከራ ነው፣ ልጆቹም ቃል የገቡትን በወር ውስጥ ይረሱታል። እንደዚያ ከሆነ ያደገች ድመት አምጡ፣ ወይም ዕድሜው ገፋ ያለ ረጋ ያለ ውሻ ከእንስሳት መጠለያ ውሰዱ። የትልቅ እንስሳ ጠባይ የታወቀ ነው፣ ሠራተኞቹም ልጅ ይወድ እንደሆነ፣ ብቻውን መሆን ይችል እንደሆነ ይነግሯችኋል። በመስመር ላይ ፎቶ አይታችሁ ለማታውቁት ሰው ገንዘብ አትላኩ። ይህን አደራ እላችኋለሁ፣ ገንዘባቸውን የተበሉ ሰዎች አውቃለሁ።

እንግዳ ሲመጣ የሚሆነውንም ላንሳ። የእኛ ቤት እሑድ እሑድ ይሞላል፣ ልጆች ይሯሯጣሉ። ውሻ ጭራውን ስለቆላ ደስ ብሎታል ማለት አይደለም። ሰውነቱ ድርቅ ብሎ፣ ጭራው ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ፈጠን ፈጠን እያለ የሚወዛወዝ ከሆነ ተወጥሯል። እንቅልፍ ሳይኖረው ሲያዛጋ፣ ምግብ በሌለበት ከንፈሩን ሲልስ፣ ፊቱን ሲያዞር፣ የዓይኑ ነጭ ሲታይ፣ «ተዉኝ» እያለ ነው። ሕፃን ልጅ በዚህ ሰዓት አንገቱን ቢያቅፈው ሊነክስ ይችላል። ልጆችን በብዛት የሚነክሰው ደግሞ የማያውቁት የመንገድ ውሻ አይደለም፣ የሚያውቁት የቤት ውሻ ነው። እንግዳ ሲበዛ ውሻውን ምግቡንና ውሃውን ይዞ መኝታ ክፍል አስገቡት። ቅጣት አይደለም፣ ዕረፍት ነው። እንግዶቻችሁም ይጸልዩ ይሆናል፤ ሙስሊም ወዳጆቼ የውሻ ምራቅ ልብሳቸውን እንዲነካ አይፈልጉም፣ ነጠላ ለብሰው ከቤተ ክርስቲያን የሚመጡትም እንደዚሁ። ይህን ማክበር ቀላል ነው።

ድመቷ ሌላ ዓለም ናት። እናቴ ከደሴ መጥታ ስድስት ወር ስትቀመጥ የመጀመሪያውን ወር አልነካቻትም። አንድ ቀን ጠዋት ሳሎን ጋቢዋን ደርባ ተቀምጣለች፣ ድመቷ ዘላ ጭኗ ላይ ወጣች። ከዚያ ቀኝ እጇን፣ ግራ እጇን፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ጋቢውን ትጫን ጀመር፤ ጥፍሮቿ ወጣ ገባ እያሉ የጥጡን ክር ሲስቡት ይሰማል፣ ዓይኗ ግማሽ ተከድኗል፣ ጉርርር የሚለው ድምፅ እኔ እስካለሁበት ይደርሳል። «ምን እያደረገችኝ ነው?» አለች እናቴ እጇን እንደ ሰቀለች። «ሊጥ እያሸች ነው» አልኳት። ግልገል ሆና የእናቷን ጡት ወተት እንዲወርድላት እንደዚህ ነበር የምትጫነው። አድጋም ሲመቻት ታደርገዋለች። እናቴ ዝም ብላ አየቻት፣ ቀስ ብላ እጇን አወረደች። ጋቢው ዛሬም እዚህ ነው፣ ዳር ዳሩ ክሩ ተመዞ ተመዞ አልቋል።

ድመት ዓይኗን ቀስ አድርጋ ከደን ስታደርግላችሁ አመነቻችሁ ማለት ነው፣ እናንተም ቀስ አድርጋችሁ መልሱላት። ሊነጋጋ ሲል ፊታችሁን ብትዳስስ አትቆጡ፣ ድመት በተፈጥሮዋ የምትነቃው ንጋትና ምሽት ላይ ነው፤ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት በክር አጫውታችሁ ከዚያ አብሏት፣ እንቅልፉ ይረዝማል። የኛዋ ረከቦት ላይ ወጥታ ሲኒ በእጇ እየገፋች ትጥል ነበር። በጣለች ቁጥር ሁላችንም ብድግ እንላለን፣ እሷ የፈለገችው ያንን ነው። አሁን ቡና ሲፈላ አጠገቤ የራሷ ካርቶን አለ፣ እዚያ ትገባለች።

ግን አንድ ነገር እንደ አመል አትዩት። ድመት ከአሸዋዋ ውጭ ልብስ ወይም ፍራሽ ላይ ብትሸና ለበቀል አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ያማታል ወይም አሸዋው ቆሽሿል። ወንድ ድመት ከሆነ ደግሞ አሸዋው ላይ እየተመላለሰ እያማጠ ምንም ካልወጣው እስከ ነገ አትጠብቁ። የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ በአንድ ሁለት ቀን ሊሞት ይችላል። በዚያው ሌሊት ውሰዱት።

እርጉዝ የሆናችሁ፣ የድመቱን አሸዋ ባላችሁ ያጽዳ፣ በየቀኑ። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተውሳክ በድመት ዓይነ ምድር ይወጣል፣ ለመተላለፍ የሚበቃው ግን ቢያንስ አንድ ቀን ካደረ በኋላ ነው። ድመቷን ማባረር አያስፈልግም። ይልቅ ያው ተውሳክ በጥሬ ሥጋም ስለሚተላለፍ፣ ድመቷን ሸሽታችሁ ጥሬ ክትፎ ከበላችሁ ምንም አልተጠነቀቃችሁም።

ወደ ማጀታችን ልግባ፣ እዚህ ላይ ነው በጣም የማስጠነቅቃችሁ። ሽንኩርት፣ ቀዩም ነጩም፣ ጥሬውም የበሰለውም፣ የደረቀ ዱቄቱም የውሻና የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ድመት ላይ ይብሳል። የእኛ ወጥ ደግሞ የሚጀምረው ከቁሌቱ ነው። ፋሲካ ዕለት እንግዶቻችን ከጠረጴዛ ሥር በፍቅር አንዱ ጉርሻ ሰጠው፣ ሌላው በዶሮ ወጥ የራሰ እንጀራ ጣለለት፣ አላየሁም። ስምንት ኪሎ የማይሞላ ውሻ ነው። በሦስተኛው ቀን ከተኛበት አልነሳም አለ። ከንፈሩን ገልጬ ሳይ ድዱ ነጭ ሆኗል፣ ሽንቱም እንደ ሻይ ጠቁሯል። የእንስሳት ሆስፒታል ሁለት ሌሊት አደረ። ተረፈ። የከፈልኩት የወር ኪራይ ያህል ነው፣ ግን የማልረሳው የድዱን መልክ ነው።

ስለዚህ በዓል ሲሆን በር ላይ በአማርኛ ጽፌ እለጥፋለሁ፤ «እባካችሁ ውሻውን አታጉርሱት»። እናንተም ለጥፉ። የበሰለ የዶሮ አጥንት እንደ ስንጥር ሆኖ ይሰባበርና አንጀት ይበሳል። ዘቢብ ለውሻ ኩላሊት መርዝ ነው፣ ቸኮሌትም አደገኛ ነው። ስኳር የለውም የሚባለው ማስቲካ ውስጥ ያለው ዛይሊቶል የውሻን የደም ስኳር በአጭር ጊዜ ያወርደዋል፣ ቦርሳችሁን ወለል ላይ አትተዉ። እርሾ የገባበት የድፎ ዳቦ ሊጥ ሆድ ውስጥ ገብቶ ይነፋል፣ አልኮልም ያመነጫል። ለቤት ምርቃት የሚመጣ እቅፍ አበባ ውስጥ ሊሊ ካለ ድመት ያለበት ቤት አይግባ፤ ብናኙን ከፀጉሯ ላይ ብትልሰው እንኳ ኩላሊቷ ሥራ ሊያቆም ይችላል። ለውሻ የተገዛ የቁንጫ መድኃኒት ድመት ላይ አታድርጉ፣ ፐርሜትሪን ያለበት ይገድላታል። ዕጣን ስታጨሱ መስኮት ክፈቱ፣ አስም ያለባት ድመት ከሆነች ሌላ ክፍል ትሂድ። አሜሪካ ያላችሁ፣ ኤኤስፒሲኤ የሚባለው የእንስሳት ደኅንነት ድርጅት 24 ሰዓት የሚሠራ የመርዝ ጉዳይ የስልክ መስመር አለው፤ ያስከፍላል፣ ግን ያዋጣል።

ወጪውን በአጭሩ ልንገራችሁ። አፓርትመንት ከሆናችሁ መጀመሪያ ውላችሁን አንብቡ፣ ዲፖዚትና በየወሩ ተጨማሪ ኪራይ ሊኖር ይችላል። ደብቆ ማስገባት አይቻልም፣ ውሻ በበላበት ይጮኻል። ክትባት በርካሽ የሚሰጡ ክሊኒኮች አሉ፣ ጠይቁ።

ይዛችሁት አገር ቤት መሄድ ካሰባችሁ ቆም በሉ። ኢትዮጵያ በሲዲሲ፣ ማለት በአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ተቋም፣ ዝርዝር ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ከፍ ያለባት አገር ናት። ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ አሜሪካ የሚገባ ውሻ ሁሉ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው፣ ማይክሮ ቺፕ (ቆዳው ሥር የምትቀበር መለያ) ያለውና ፎርም የተሞላለት መሆን አለበት፤ እንደ ኢትዮጵያ ካሉ አገሮች ሲመለስ ደግሞ የክትባት ማስረጃው ደንብ የበለጠ ጥብቅ ነው። አሜሪካ የተከተበ ከሆነ ወረቀቱ ከመውጣታችሁ በፊት በመንግሥት መጽደቅ አለበት። አውሮፓ ያላችሁም ቺፕ፣ ክትባትና የደም ምርመራ ያስፈልጋችኋል፣ ደሙንም ከመሄዳችሁ በፊት እዚያው ብታስመረምሩ ይሻላል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ከተመረመረ ለመመለስ ሦስት ወር መጠበቅ አለ። ለአንድ ወር ዕረፍት ብላችሁ አታንገላቱት።

ቤሩትና ዱባይ ሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቼ፣ የቤቱ ውሻ ወይም ድመት ከነከሰሽ ወይም ከቧጨረሽ አትደብቂ። ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ እጠቢው፣ ከዚያ ሐኪም ቤት እንዲወስዱሽ ጠይቂ። የዛሬው የእብድ ውሻ ክትባት እንደ ድሮው ሆድ ላይ አይደለም፣ ክንድ ላይ ነው፣ ቁጥሩም ጥቂት ነው።

እኛ ባለፈው ገና አገር ቤት ስንሄድ ሁለቱንም ለባለቤቴ እህት ሰጠናት። ምግባቸውን በቀን ለክቼ፣ የሐኪሙን ስልክ ፍሪጅ ላይ ለጥፌ፣ ለድመቷ ጋቢውን ሰጥቻት ሄድኩ። ለውሻው ደግሞ ሥራ ለብሼ የዋልኩትን ሹራብ ሳላጥብ ተውኩለት። በሁለተኛው ቀን ፎቶ ላከችልን፣ አፍንጫውን እጅጌው ውስጥ ከቶ ተኝቷል።