የአንባቢያን ጥያቄ፦ ጆርዳኗን ለማን ልሽጣት?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ ፓርኪንግ ነው የምሰራው። በ2016 አብሮኝ ይሰራ ለነበረ ልጅ 1,000 ዶላር አበድሬው መክፈል ሲያቅተው የማይክል ጆርዳን ካርድ በዕዳው ፈንታ ሰጠኝ፣ የ1986 ፍሊር የሚባለው ነው፣ ደረቅ ፕላስቲክ ውስጥ ታሽጎ ላዩ ላይ ፒኤስኤ 8 ይላል። እኔ እግር ኳስ እንጂ ባስኬት አላውቅም፣ መሳቢያ ውስጥ ወርውሬው ረሳሁት። ባለፈው ወር አንድ የካርድ ሱቅ ወስጄ ባሳየው ሰውዬው ገና አይቶት 3,000 ዶላር አሁኑኑ ካሽ አለኝ፣ ፍጥነቱ አስደነገጠኝና ይዤው ወጣሁ። የእህቴ ልጅ ደግሞ 738 ሺህ ዶላር የተሸጠ አለ ብሎ እንቅልፍ ነሳኝ። ማን ነው ልክ? ጥሩ ዋጋ እንዲያወጣልኝስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እንኳንም ይዘህ ወጣህ። የእህትህ ልጅም አልዋሸም፣ በጃንዋሪ 2021 ጎልዲን የሚባለው የጨረታ ቤት ውስጥ ያው ያንተኑ ካርድ ሁለት ፍሬ ሸጠው እያንዳንዳቸው 738 ሺህ ዶላር አወጡ፣ ግን ፒኤስኤ ማለት ካርድ መርምሮ ስለ ይዞታው ከ1 እስከ 10 ነጥብ (ግሬድ) የሚሰጥ ድርጅት ነው፣ እነሱ 10 ናቸው ያንተዋ 8 ናት። ሁለት ነጥብ ብቻ ነው የጎደላት ብለህ እንደ ክፍል ፈተና እንዳታስበው፣ እዚህ ገበያ ላይ በ8 እና በ10 መሀል ያለው የአንድ መኪናና የአንድ ቤት ልዩነት ነው። ፒኤስኤ ከዚህ ካርድ እስካሁን ከ20 ሺህ በላይ ፍሬ ግሬድ ሰጥቷል፣ 10 ያገኙት ግን ሦስት መቶ ከምናምን ናቸው፣ ምክንያቱም ዳር ዳሩ ላይ ያለው ቀይና ሰማያዊ ቀለም ትንሽ ሲነካ ነጩን ያሳያል፣ ፋብሪካው ሲቆርጠውም ብዙውን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ነው የቆረጠው። ስለዚህ እውነቱን ልንገርህ፣ ካርድህ ብርቅ አይደለችም፣ ብርቅ ማለት በዓለም ላይ ስልሳ ገደማ ብቻ የሚታወቀው የድሮው የቤዝቦል ተጫዋች የሆነስ ዋግነር ካርድ ነው፣ በ2022 አንዱ 7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ያንተዋ ብርቅ ሳትሆን ተፈላጊ ናት፣ ለሻጭ ደግሞ ይሄ ይሻላል፣ ምክንያቱም በየሳምንቱ የምትሸጥ ነገር ዋጋዋ አይደበቅም።

ደግሞ ስለ 738 ሺዋ አንድ ነገር፣ እሷን ገንዘብ ሻጩ ኪሱ አልከተተም። ጨረታው የቆመው 615 ሺህ ላይ ነው፣ የቀረው 123 ሺህ ገዢው ለጨረታ ቤቱ የሚጨምረው 20 ፐርሰንት ነው፣ ዜና ላይ የሚወጣው ግን ድምሩ ነው። እና አንተም ስትሸጥ «ስንት አወጣ» ሳይሆን «ስንት እጄ ገባ» ነው ማለት ያለብህ። እዛው ላይ ስንጨምርበት ይሄው 10 የሆነው ካርድ ዓመት ከምናምን ቆይቶ ከ200 ሺህ በታች ተሽጧል፣ እኔም በዛን ጊዜ ነበር ጉድ የሆንኩት፣ የያዝኩት ካርድ በየሳምንቱ ሲጨምር ሳይ ትንሽ ልጠብቅ ትንሽ ልጠብቅ ስል ግማሹን ዋጋ እያየሁት ሄደ፣ ሚስቴ እስከዛሬ አንድ ነገር ላቆይ ባልኩ ቁጥር ታነሳብኛለች።

አሁን ወደ ስራው። መጀመሪያ ስላቡ ላይ (የታሸገችበት ደረቅ ፕላስቲክ ማለት ነው) ያለውን ቁጥር ፒኤስኤ ድረገጽ ላይ አስገባና ያው ካርድ ያው 8 መሆኑን እይ። ቁጥሩ ልክ ሆኖ ፕላስቲኩ ፎርጅድ የሆነም አለ፣ ይሄ ካርድ ከኮፒ ብዛት የታወቀ ነው፣ ስለዚህ ጠርዙ ላይ የተሰነጠቀ ወይ ሙጫ የመሰለ ነገር ካለ ለሚያውቅ ሰው አሳይ። ከዛ ኢቤይ ላይ ግባና «የተሸጡ» የሚለውን መርጠህ ባለፉት ሁለት ሦስት ወራት ፒኤስኤ 8 በስንት እንደሄደ አስር ያህል ጻፍ። ሰው ልሽጥ ብሎ የለጠፈውን ዋጋ ተወው፣ እሱ ምኞት ነው፣ መርካቶም የመጀመሪያው የተጠራልህ ዋጋ ዋጋ አይደለም እኮ። ስትጽፍ ደግሞ ፎቶውን እይ፣ እኩል 8 ሆኖ ምስሉ መሀል ላይ በደንብ የተቀመጠው ከተዘነበለው ሞቅ ያለ ዋጋ ያወጣል፣ ያንተዋ ከየትኞቹ እንደምትመደብ ያን ጊዜ ይገባሃል።

የሱቁን ሰውዬ ሌባ አታድርገው፣ ሱቅ አብዛኛውን ጊዜ ከገበያው ስልሳ ሰባ ፐርሰንት ነው የሚከፍለው፣ ኪራይ አለበት ገንዘቡም ይታሰርበታል፣ ግን አንተ ካልቸኮልክ ያቺን ልዩነት ለምን ትተውለታለህ? ኢቤይ 13 ፐርሰንት ከምናምን ይቆርጣል፣ ትልልቆቹ የጨረታ ቤቶች ደግሞ ለዋግነር ናቸው፣ 8 ላገኘች አንድ ጆርዳን ለወራት ትጠብቅና ከሺዎች መሀል አንዷ ሆና ታልፋለች። እኔ ብሆን ኢቤይ ላይ ቁርጥ ዋጋ አድርጌ፣ ከጻፍኳቸው ከፍ ካሉት እኩል ለጥፌ፣ ቅናሽ ለሚጠይቅ በሩን ክፍት አድርጌ ወር እጠብቃለሁ። ካልሆነ የካርድ ሾው፣ ካርድ ነጋዴዎች ጠረጴዛ ዘርግተው የሚገበያዩበት ቦታ፣ ይዘሃት ሂድና ሦስት አራት ጠረጴዛ አስጠይቅ፣ ካሽ ነው ኮሚሽን የለም፣ ከገበያው 85 ፐርሰንት ካገኘህ ከኢቤይ ጋር ያው ነው፣ ፖስታ ቤትም አትሰለፍም። ብቻ ዋጋውን መጀመሪያ አንተ አትጥራ።

በፖስታ ከሆነ ሬጅስተርድ ሜይል አድርገው፣ ዘገምተኛ ነው ግን እስከ 50 ሺህ ዶላር ኢንሹራንስ ይቀበላል፣ ስታሽግ ቁጥሯ እየታየ በስልክህ ቅረጽ፣ ካርቶኑ ላይ የስፖርት ካርድ እንዳትል። «ቼኩ ላይ ከዋጋው በላይ ጽፌልሃለሁ፣ ትርፉን መልስልኝ» የሚል ገዢ ከመጣ አጭበርባሪ ነው፣ ዝጋው።

ታክስ ላይ ደግሞ ካርድ እንደ ስቶክ አይደለም፣ ከዓመት በላይ የያዝከው የስብስብ ዕቃ ትርፍ እስከ 28 ፐርሰንት ፌደራል ሊቆረጥበት ይችላል። የሚቆጠረው ትርፉ ላይ ነው፣ ያንተ መግዣ ያቺ ያበደርካት 1,000 ዶላር ናት፣ ግን ማስረጃ ይፈልጋል፣ ስለዚህ የድሮ ቴክስት ካለህ ፈልገው፣ ከሌለህ ልጁን አግኝና አንድ መስመር ያስጽፍህ። ታክስ ለሚሰራልህ ልጅ ሳትሸጥ በፊት ንገረው።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ከዳላስ ነኝ፣ እኔም 8 ያገኘ ካርድ አለኝ፣ ወንድሜ ስላቡን ሰብረን ለፒኤስኤ መልሰን ብንልከው 9 ይሆናል ይለኛል፣ እውነት ነው?

መልስ፦ አንዳንዴ ይሆናል፣ አንዳንዴ 7 ሆኖ ይመለሳል፣ ስትሰብሪ ጥጉን ከነካሽው ደግሞ አለቀ። የሚሰብሩት በአጉሊ መነጽር እያዩ በዚሁ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ወንድምሽ ይህን ያህል ከተማመነ ከራሱ ካርድ ይጀምር።