የጃፓን አትክልት ስፍራን ዕፅዋት ስም ለመልመድ ከጥዱ ጀምሪ

ሰላም እህቴ። «ሲያትል ባለው የጃፓን አትክልት ስፍራ በበጎ ፈቃደኝነት ልጀምር ነው፤ የአበቦቹና የዕፅዋቱ ስም ግን ጭንቅላቴ ውስጥ አልገባ አለ፣ ከየት ልጀምር?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እዚሁ ከተማ እንጀራዬን የማገኘው በአትክልተኝነት ነው። ጃፓናዊ አሠራር ያላቸውን ግቢዎችም ስንከባከብ ቆይቻለሁ። የጠቀመኝን ልንገርሽ።

ዝርዝር መሸምደዱን ተይው። አበባውንም ለጊዜው አቆዪው። የጃፓን አትክልት ስፍራ ዋናው ነገር አረንጓዴው ነው። አበባ መጥቶ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቆይቶ ይረግፋል፤ ጥዱ (የአገራችን ጥድ ሳይሆን ፓይን የሚባለው) እና የተከረከመው ቁጥቋጦ ግን ዓመቱን ሙሉ እዚያው ናቸው። ሥራ የምትገቢው ደግሞ አበባ ባለበት ቀን ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ከጥዱ ጀምሪ። በብዛት የሚያጋጥሙሽ ሦስት ናቸው፦ ኩሮማትሱ፣ አካማትሱ እና ጎዮማትሱ። ከሩቅ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ከዛፉ ሥር የወደቀ ቅጠል አንሺና መርፌዎቹ ስንት ስንት ሆነው እንደተያያዙ ቁጠሪ። አምስት ከሆኑ ጎዮማትሱ ነው። ሁለት ከሆኑ ከቀሩት ከሁለቱ አንዱ ነው። አሁን መዳፍሽን ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ቀስ ብለሽ አሳርፊ። ጠንክሮ ከወጋሽ ኩሮማትሱ ነው፤ ለስለስ ካለ አካማትሱ። ከተጠራጠርሽ ቀና ብለሽ ግንዱን እዪ። የአካማትሱ ቅርፊት ወደ ላይ ሲሄድ ቀላ ይላል፣ የኩሮማትሱ ግን ጠቆር ያለና የተሰነጣጠቀ ነው። በክረምት፣ ማለትም በብርዱ ወቅት፣ ደግሞ የኩሮማትሱ እምቡጥ ነጭ ነው። እጅሽ አንዴ የለየውን ስም ቶሎ አትረሺውም።

ከጃፓንኛው ጎን ሳይንሳዊውን ስም አብረሽ ያዢ። ይከብዳል ብለሽ አትሽሺ። ችግኝ መሸጫ ሄደሽ «የጃፓን ሜፕል» ብትዪ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጥሽ አሴር ፓልማተም ነው። አሴር ጃፖኒከም የሚባል ሌላ ዛፍም አለ፤ በሰፈር ስም ብቻ ከሄድሽ ሁለቱ ይምታቱብሻል። ስሙ ታሪክ ሲኖረው ደግሞ ይበልጥ ይያዛል። የኩሮማትሱ ሳይንሳዊ ስም ፓይነስ ተንበርጊ ነው። ተንበርግ ስዊድናዊ ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1775 ናጋሳኪ አጠገብ ወዳለችው ደጂማ ደሴት መጥቶ የደች ነጋዴዎች ሐኪም ሆኖ ሠራ፤ ስለ ጃፓን ዕፅዋት የጻፈው መጽሐፍም በ1784 ወጣ።

አበቦቹን ጥንድ ጥንድ እያደረግሽ ልመጂ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ። ለምሳሌ ፀባኪና ሳዛንካ ሁለቱም ካሜሊያ ናቸው፣ የሻይ ተክል የቅርብ ዘመዶች። መሬቱን እዪ። አበባው እንዳለ፣ ሳይበተን ወድቆ ካገኘሽው ፀባኪ ነው። የአበባው ቅጠል አንድ በአንድ ተበትኖ ካገኘሽው ሳዛንካ። ሳዛንካ ከመጸው ጀምሮ ያብባል፣ ፀባኪ ግን ከክረምት ወደ ፀደይ ነው።

ኡሜ (የጃፓን ፕለም) እና ሳኩራም (የጃፓን ቼሪ) እንዲሁ ናቸው። ኡሜ ቀድሞ ያብባል፣ አበባው ቅርንጫፉ ላይ ልጥፍ ይላል። ሳኩራ በረጅም ዘንግ ይንጠለጠላል፣ የአበባው ቅጠልም ጫፉ ላይ ሰንጠቅ ያለ ነው። አይሪስ ሰውን በጣም ያደናግራል፤ እኔ የምለየው ከአበባው ቅጠል ሥር ባለው ምልክት ነው። መረብ የመሰለ ካለው አያሜ፣ ነጭ መስመር ካለው ካኪፀባታ፣ ቢጫ ከሆነ ሃናሾቡ። አያሜ ደረቅ መሬት ይወዳል፣ ካኪፀባታ ውኃ ውስጥ ይቆማል።

አዛሊያ የሚባለውን አበባማ ቁጥቋጦ ለጊዜው ሁለት ብቻ አድርጊው። ቀድሞ የሚያብበው ፁፁጂ፣ ዘግይቶ የሚመጣው ሳፁኪ። ቆይተሽ ታሰፊዋለሽ።

አንድ ደስ የሚለኝን ልጨምር። ጃፓን ውስጥ ቅርንጫፉን እየከረከሙ ቅርጽ የሚያወጡለት ኢኑማኪ የሚባል ዛፍ አለ። የእኛ ዝግባ የቅርብ ዘመድ ነው። ቅጠሉን ስታዪ፣ ዝግባ ሥር ተጫውቶ ያደገ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

የስልክ አፕ ከተጠቀምሽ ለመነሻ ብቻ ይሁን። በጥድ ላይ እኔ አላምነውም። ይልቅ ትንሽ ደብተር ያዢና ከስሙ ጎን ተክሉ የቆመበትን ቦታ ጻፊ፤ «ከድልድዩ ማዶ፣ ከፋኖሱ በስተግራ» እያልሽ። ቦታውን ስታስታውሺ ስሙ ይመጣልሻል። በአንድ ቀን ደግሞ ከሦስት አራት ተክል አትለፊ።

ሞሱን፣ መሬቱን እንደ ምንጣፍ የሚሸፍነውን አጭር አረንጓዴ ተክል፣ ግን ለዚህ ዓመት ተይው። ኪዮቶ በሚገኘው ሳይሆጂ ቤተ መቅደስ ብቻ ወደ 120 የሚጠጋ ዓይነት እንዳለ ይነገራል። ሱጊጎኬን ብቻ እወቂ፤ ጎንበስ ብለሽ ስታዪው ትንንሽ ኮከብ የተደረደረ ይመስላል። ሥራ የምትጀምሪበትን ወር ከነገርሽኝ በዚያ ወር ምን እንደሚያብብ ለይቼ እጽፍልሻለሁ።