ዱካክ ሲይዝሽ ሰውነትሽ ውስጥ የሚሆነው

እህታችን እዚህ ግሩፕ ላይ የጠየቀችውን ላላነበባችሁ ባጭሩ ላስቀምጠው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ፈተና ደርሶባት ሌሊቱን ስታነብ ታድራለች፣ ቀን ላይ ጋደም ትላለች። ሰሞኑን ከእንቅልፏ ስትነቃ ዓይኗ ክፍሉን ያያል፤ ጣቷን እንኳ ማንቀሳቀስ ግን ያቅታታል። በሩ ጋ የቆመ ሰው ይታያታል። ቀጥሎ የሆነ ነገር ደረቷ ላይ ይጫናታል። ልትጮህ ስትሞክር ድምፅ የለም። እናቷ ዱካክ ነው ብለዋታል። እሷ ደግሞ ሁለት ነገር ጠይቃናለች። አእምሮዬ እየተነካ ነው ወይ? እንዲህ እንደሆንኩ ትንፋሼ ቢቆምስ?

እህቴ፣ መልሱን ላስቀድምልሽና ተረጋጊ። አእምሮሽ ደህና ነው። ትንፋሽሽም አይቆምም። እናትሽም ልክ ናቸው፣ ዱካክ ነው። የሚያስፈራው ዱካክ ሲይዝ ምን እየተካሄደ እንደሆነ አለማወቁ ነው።

ሐኪም አይደለሁም። አሁን ስምሪት ክፍል ተቀምጬ መኪና እመድባለሁ። ከዚያ በፊት ግን ለዓመታት የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበርኩ። በዚያ ሥራ ላይ ቆይቶ ዱካክን የማያውቅ ሰው እኔ አልገጠመኝም። ስለዚህ ጉዳይ ያገኘሁትን ሁሉ ያነበብኩት፣ ሐኪምም የጠየቅኩት፣ ስለጨነቀኝ ነው።

እንቅልፍ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት አይደለም። በየአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ የሚመላለስ ዙር አለው። በዙሩ መጨረሻ ላይ ዓይናችን በተከደነው ቆብ ሥር ወዲያ ወዲህ የሚሯሯጥበት ጊዜ ይመጣል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1953 ይፋ ያደረጉት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲዎቹ ዩጂን አሴሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን ናቸው። አሴሪንስኪ ያኔ ገና ተማሪ ነበር፤ መሣሪያውን የሞከረው በገዛ ልጁ ላይ ጭምር ነው። ይህ የእንቅልፍ ክፍል ሬም ይባላል። ቁልጭ ያሉ ሕልሞች በብዛት የሚታዩት እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ዙር የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ወደ ንጋት ሲጠጋ እየረዘመ ይሄዳል። ይህችን ነገር ያዣት፣ በኋላ ትጠቅመናለች።

በሬም ጊዜ አንጎል ሥራ ላይ ነው። ጡንቻ ግን ልምሾ ይሆናል። እንዲህ የሚያደርገው ራሱ አንጎል ነው። ከአንጎል ግንድ የሚነሳ ትእዛዝ ወደ ጡንቻ የሚሄዱትን ነርቮች ዝም ያሰኛቸዋል። ደግነቱ ያሰኛቸዋል። ያለዚያ በሕልምሽ ስትሮጪ ከአልጋ ተነስተሽ ከግድግዳ ጋር ትጋጪ ነበር። ፈረንሳይ፣ ሊዮን ውስጥ ሚሼል ዡቬ የተባለ ተመራማሪ ይህን በድመቶች ላይ አሳይቷል። ከአንጎል ግንዳቸው አንዲት ትንሽ ቦታ ሲጎዳ፣ ድመቶቹ እንደተኙ ተነስተው የሌለ ነገር ማደን፣ ከሌለ ጠላት ጋር መቧጨር ጀመሩ።

ዱካክ የሚይዘን እንግዲህ እኛ ነቅተን ያ ትእዛዝ ሳይነሳ ሲቀር ነው። በሹፌር ቋንቋ ሞተሩ ተነስቷል፣ የእጅ ፍሬኑ አልወረደም።

አሁን ወደ ትንፋሽሽ። በሬም ጊዜ ከዚህ ትእዛዝ ነፃ የሆኑ ጡንቻዎች አሉ። ዓይንን የሚያዞሩት አንዶቹ ናቸው፤ በሩን ማየት የቻልሽው ለዚህ ነው። ሌላው ድያፍራም ነው፣ ደረትና ሆድን የሚለየው ትልቁ የመተንፈሻ ጡንቻ። እሱ ሌሊቱን ሙሉ ሥራውን አያቋርጥም። የጎድን አጥንቶች መካከል ያሉት ጡንቻዎች ግን ላልተዋል። ተኝተሽ ሳለ ይህ አይታወቅሽም። ነቅተሽ፣ ደንግጠሽ፣ አየር በደንብ ልሳብ ስትዪ ነው ደረትሽ እምቢ የሚልሽ። ያን ጊዜ አንጎልሽ "የሆነ ነገር ተጭኖኛል" ብሎ ይተረጉመዋል። አየሩ ግን እየገባ ነው። እኔን በጣም ያሳረፈኝ ይህን ማወቄ ነው። አሁንም አልፎ አልፎ ሲይዘኝ "ድያፍራሜ ሥራ ላይ ነው" እላለሁ በልቤ። አትሳቂ፣ ይሠራል።

በሩ ጋ የቆመውስ? አሚግዳላ የሚባል፣ ፍርሃትን የሚያስተናግድ የአንጎል ክፍል አለ። በሬም ጊዜ በጣም ይነቃቃል። አንቺ ነቅተሽም እሱ "አደጋ አለ" ማለቱን አላቆመም። ሕልም የሚሠራውም ክፍል ገና አልተዘጋም። አደጋ አለ ተብሏል፣ ክፍሉ ድንግዝግዝ ነው፣ መነሳት አይቻልም። አንጎል ደግሞ ምክንያት የሌለው ፍርሃት አይወድም፤ በሩ ላይ የተሰቀለውን ጋቢ ወስዶ ሰው ያደርገዋል። ሰውየው ምን እንደሚመስል የሚወስነው ያደግንበት ወሬና የምንፈራው ነገር ነው። ካናዳ፣ ኒውፋውንድላንድ ውስጥ ደረት ላይ የምትቀመጠው አሮጊት ናት ይላሉ። ግብፅ ውስጥ ጂኒ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ አንድ ጊዜ ያየሁት የጉምሩክ ፈታሽ ነው። ጋቢና ውስጥ ገብቶ ሰነድ ይጠይቀኛል።

ብቻሽን እንዳይመስልሽ ደግሞ ቁጥር ልጥራልሽ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ፣ 35 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ግምገማ አለ። ከጠቅላላው ሕዝብ ከ100 ሰው 8 ያህሉን በሕይወቱ ቢያንስ አንዴ ይዞታል። ተማሪዎች ጋ ሲመጣ ግን ቁጥሩ ከ100 ወደ 28 ይጠጋል። ለምን ተማሪዎች? አንቺ ራስሽ ጥያቄሽ ውስጥ መልሰሽዋል፤ ሌሊት ማንበብ፣ ቀን መተኛት፣ ጭንቀት።

የእኔን ልንገርሽ፣ ከአንቺው ጋር ይመሳሰላል። ሌሊቱን ስነዳ አድሬ ረፋዱ ላይ ሚሌ እደርሳለሁ። ሙቀቱ አያድርስ ነው። ረዳቴ መስኮቱ ላይ እርጥብ ፎጣ ይሰቅልልኛል። ከወንበሩ ኋላ ባለችው ጠባብ አልጋ ላይ በጀርባዬ እዘረጋለሁ፤ በጎን ለመተኛት ቦታም የለም። እንቅልፉ ድብን አድርጎ ይወስደኛል። ትንሽ ቆይቶ እነቃለሁ። ፎጣው ሲንጠባጠብ ይሰማኛል። ረዳቴ ውጭ ከጎማ ቤቱ ልጅ ጋር በዋጋ ሲከራከር ቃል በቃል እሰማዋለሁ። ስሙን እጠራለሁ፣ አፌ አይከፈትም። የሆነ ሰው የጋቢናውን ደረጃ ረግጦ ይወጣል፣ በሩ ግን አልተከፈተም። ከዚያ ክብደቱ ይመጣል።

ያቺን እንቅልፍ ብትመረምሪያት ዱካክ የሚጠራው ሁሉ ተሟልቷል። የእንቅልፍ ዕዳ አለ። ዕዳ ያለበት ሰው ሬም ውስጥ ቶሎ ዘው ሊል ይችላል። ሰዓቱም ረፋድ ነው፤ ሬም የሚረዝመው ወደ ንጋት ነው ያልኩሽ ለዚህ ነው፤ ሰውነት በዚያ ሰዓት ሬም ይፈልጋል። በጀርባ መተኛትም አለበት፤ ዱካክ በብዛት የሚይዘው በጀርባቸው የተኙትን ነው። ሙቀቱና ጫጫታው ደግሞ ከሬም መሃል በግማሽ ይቀሰቅሳል።

ሌላም ነገር አለ፣ ሹፌሮች በደንብ የሚያውቁት። ጫት። (አንቺ ትቅሚያለሽ ማለቴ አይደለም። ግን እዚህ ግሩፕ ውስጥ ዝም ብሎ የሚያነብ ቃሚ እንዳለ አውቃለሁ።) ሲቅሙ ሰንብተው ያቆሙ ሰዎች "ካቆምኩ ዱካክ ይጫወትብኛል" ሲሉ ሰምታችኋል። እውነታቸውን ነው። ጫት ውስጥ ያለው ዋናው ቀስቃሽ ካቲኖን ይባላል፤ አምፌታሚን ከሚባለው ቀስቃሽ መድኃኒት ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ ስለሚበላሽ ነው ጫት በእርጥቡ የሚፈለገው። እንዲህ ያሉ ቀስቃሾች ሬምን ያፍናሉ። ሰውየው ሲያቆም አንጎል የተከለከለውን ሬም በአንዴ፣ በኃይል ይወስዳል። ሕልሙ ይበዛል፣ ይከፋል፣ ዱካኩም ይከተላል። ሲመሽ ምርቃናን ለመስበር የሚጠጣው ጨብሲም አያግዝም። መጠጥ መጀመሪያ ላይ ሬምን ያፍናል፣ ከስካሩ በኋላ ይለቀዋል። እና ሰዉ ምን ያደርጋል? ዱካኩን ለማባረር ተመልሶ ይቅማል። ዱካኩ በርግጥ ይጠፋል። ዕዳው ግን ይቆለላል። ያቆማችሁ ካላችሁ ታገሡት፤ እኔን በጊዜ ብዛት እየለቀቀኝ ሄዷል።

ወደ አንቺ ልመለስ። ሲይዝሽ ምን ታደርጊያለሽ? በመላ ሰውነትሽ አትታገዪ። በታገልሽ ቁጥር ደረትሽ ይበልጥ እምቢ ይላል፣ ፍርሃቱም ይብሳል። ትኩረትሽን አንድ ትንሽ ቦታ ላይ አድርጊ፤ የእግር አውራ ጣት ወይም ምላስ። ዓይንሽን ግራ ቀኝ አዟዙሪው፣ እሱ ይታዘዝሻል። አየር ለመሳብ ከመታገል ይልቅ ቀስ ብለሽ ማስወጣቱ ላይ አተኩሪ። ምንም ባታደርጊም በሰኮንዶች ወይም በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ራሱ ይለቅሻል። የመኝታ ክፍል ጓደኛሽ ካለች ደግሞ አስቀድመሽ ንገሪያት፤ ሰው ሲነካን ብዙ ጊዜ ይለቃል። ረዳቴ "አቃሰትክ" እያለ እግሬን ሲጎትተኝ ነበር የምድነው። ስትነቂ ዘወር ብለሽ እዚያው አትተኚ። ተነሺ፣ ፊትሽን ታጠቢ። አለዚያ ተመልሶ ሊይዝሽ ይችላል።

ለማራቅ ዋናው መድኃኒት መሰልቸት የሚያመጣ ነገር ነው። በአንድ ሰዓት መተኛት፣ በአንድ ሰዓት መነሳት፣ በጎን መተኛት። በጎን ለመተኛት ካስቸገረሽ የካልሲ ጥቅል ከፒጃማሽ ጀርባ ላይ ስፊበት፤ ስትገለበጪ ይቆረቁርሻል። ቡናውን ከቀትር በኋላ ቀንሺ።

ከጥያቄዋ ሥር በጻፋችሁት አስተያየት ጸበል ያላችሁ፣ አየተል ኩርሲ ቅሪ ያላችሁ አላችሁ። ይህን የሚቃወም ነገር የለኝም። እናቴም በስመ አብ ብለህ ተኛ ይሉኝ ነበር፤ እላለሁም። ሰው ተረጋግቶ ሲተኛ የሚያተርፈው እንቅልፍ ነው። "መተት ተደርጎብሻል፣ ቤትሽ አጠገብ ያለችውን ሴትዮ ጠርጥሪ" ያልሽው ግን፣ እባክሽ ተዪ። ልጅቷ እንቅልፍ አጣች እንጂ ጎረቤት አልበደላትም። በዚህ ወሬ ለአዋቂ ነኝ ባይ ገንዘብ የከፈሉ፣ ከዘመድ ጋር የተኳረፉ ሰዎች አውቃለሁ።

"ልተኛ ስል ገደል የወደቅኩ ይመስለኝና ብንን እላለሁ" ያልከው ወንድም፣ ያንተ ዱካክ አይደለም። እንቅልፍ ሲጀምር ጡንቻ ድንገት የሚኮማተርበት ነገር ነው፣ ጉዳት የለውም።

ሐኪም ዘንድ የሚያስኬደው መቼ ነው? ቀን ቀን ክፍል ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ሳታስቢው እንቅልፍ የሚጥልሽ ከሆነ። ስትስቂ ወይም ስትደነግጪ ጉልበትሽ የሚከዳሽ ከሆነ። እነዚህ ከዱካክ ጋር ሲመጡ ናርኮሌፕሲ የሚባል፣ ሕክምና ያለው ችግር ሊሆን ይችላል። ኃይለኛ ማንኮራፋትና በእንቅልፍ መሃል ትን ማለትም መታየት አለበት።

አባቷ ተኝተው እንደሚራገጡና እንደሚሳደቡ የጻፈችው እህት ደግሞ ነገሩን ችላ አትበይው። የእሳቸው የዱካክ ተቃራኒ ነው፤ ሕልም ላይ ሳሉ ጡንቻቸው አልታሰረም፣ እንደ ዡቬ ድመቶች። ይህን እ.ኤ.አ. በ1986 የአሜሪካዋ ሚኒሶታ ሐኪሞች እንደ አንድ ራሱን የቻለ ሕመም መዝግበውታል። በዕድሜ የገፉ ወንዶች ላይ ይበዛል። አንዳንዴ ከዓመታት በኋላ የሚመጣ የፓርኪንሰን (የሚያንቀጠቅጥ የነርቭ ሕመም) ቅድመ ምልክት ስለሚሆን የነርቭ ሐኪም ይያቸው። እስከዚያው ከአልጋቸው አጠገብ ብርጭቆውንና ሹል ነገሩን አንሺ፣ እናትሽም ለጊዜው ሌላ አልጋ ላይ ይተኙ።

እና አንቺ ተማሪዋ፣ ፈተናው እስኪያልቅ ቀን መተኛት ግድ ከሆነብሽ ሰዓት ሞልተሽ 20 ደቂቃ ብቻ ተኚ፣ በጎንሽ። በዚያች 20 ደቂቃ ውስጥ ሬም ውስጥ የመግባት ዕድልሽ ያንሳል። ሌሊቱን ደግሞ ቢያንስ ከስምንት ሰዓት በኋላ መጽሐፉን ዝጊው፤ ከዚያ ወዲያ ያነበብሽው ጠዋት አይገኝም።