እንኮይ ጎረቤት ይፈልጋል

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከቆላ ነው። አምና ከዱር የለቀምኩትን የእንኮይ ዘር በፕላስቲክ ከረጢት አፍልቼ ሃያ ሦስት ችግኝ አገኘሁ። ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ ተከልኳቸው። ቦታውን አጽድቼ፣ አንዲት ሣር ሳላስጠጋ፣ በየሳምንቱ እየኮተኮትኩ አጠጣቸዋለሁ። መጀመሪያ ደህና ነበሩ፤ አሁን ግን ቢጫ ሆነው እድገታቸው ቆመ፣ ሰባቱ ደረቁ። ከግራሩ ሥር የተከልኳት አንዷ ብቻ አረንጓዴ ናት። ዳፕ ልጨምርባቸው? መድኃኒት ይኖረዋል? ልጄ ደግሞ የዱር ሎሚ ስለሆነ ከሎሚ ጋር ይዳቀላል ይለኛል።»

መልስ፦ አባቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዋናውን ነገር ራስዎ ጽፈውታል፤ «ከግራሩ ሥር ያለችው አንዷ ብቻ» ያሉት ላይ። አፈሩ ያው፣ ውሃው ያው፣ የሚንከባከበው እጅም ያው ነው። እርሷን ከሌሎቹ የሚለያት ግራሩ ነው። ምስጥም ሆነ የሥር በሽታ ችግኝ ሊያደርቅ ይችላል፤ እኔ ግን አጥብቄ የምጠረጥረው እንኮይዎ የሚጣበቅበት የሌላ ተክል ሥር ማጣቱን ነው።

እንኮይ ግማሽ ጥገኛ ተክል ነው። ቅጠሉ አረንጓዴ ስለሆነ ከፀሐይ ምግቡን ይሠራል፤ ከመሬት በታች ግን ሥሩ የጎረቤቱን ሥር እየፈለገ ይጣበቅና ውሃና ማዕድን ይስባል። በአመዳደቡም ግራር ላይ ተንጠልጥሎ ከሚያዩት ተቀጽላ ጋር የሩቅ ዘመድ ነው፤ ተቀጽላው ቅርንጫፍ ላይ የሚያደርገውን እንኮይ ሥር ላይ ያደርገዋል። ዘሩ ከግማሽ በላይ ቅባት ስለሆነ ችግኙ መጀመሪያ ከዚያ ስንቅ እየበላ ያምራል። ስንቁ ሲያልቅ ሥሩ ጎረቤት ይፈልጋል። እርስዎ ደግሞ ጎረቤቱን ሁሉ ነቅለውታል።

ማየት ከፈለጉ ከግራሩ ሥር ካለችው ራቅ ብለው አፈሩን በጣትዎ ቀስ አድርገው ይግለጡት፤ ዶማ አይንካው። ቀጭን ሥሯ ከሌላ ሥር ጋር በተገናኘበት ቦታ የምስር ፍሬ የምታህል እብጠት ልታገኙ ትችላላችሁ። የምትጠባው በእርሷ ነው። ካዩ በኋላ አፈሩን መልሰው ያልብሱት።

አሁን የሚያደርጉት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። መኮትኮቱን ዛሬውኑ ያቁሙ፤ እያንዳንዱ ኩትኮታ ገና የተጣበቀውን ሥር ይበጥሳል። ሣሩ ይመለስ። ችግኙን ካለበሰው በማጭድ ከላይ ይጨዱት እንጂ አይንቀሉት። ከዚያ በእያንዳንዱ ችግኝ ዙሪያ፣ ከግንዱ አንድ ስንዝር ራቅ አድርገው፣ ሦስት አራት የርግብ አተር ፍሬ ይዝሩ። ዝናቡ ስለቆመ እስኪበቅል ድረስ ለእንኮዩ ከሚያጠጡት ያካፍሉት። የርግብ አተር ለዓመታት ስለሚቆይ የእንኮዩ ሥር በደንብ ያገኘዋል፤ ፍሬውም ለቤትዎ ይሆናል። ህንዶች የሰንደል ዛፍ ሲያለሙ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ሰንደሉም እንደ እንኮይ ሥር የሚጠባ ስለሆነ የርግብ አተር አጠገቡ ይዘሩለታል። አተሩ ጥላ ካበዛበት ጫፉን ይቁረጡት፣ ሥሩን ግን ይተዉት።

የቢጫዎቹን ቦታ ለመቀየር አይነሱ፤ ሥራቸው ሲነካ ይብስባቸዋል። ለደረቁት ሰባት ምትክ ግን በከረጢት ማፍላቱን ይተዉና ዘሩን በቀጥታ መሬት ላይ ይዝሩ። ከግራር፣ ከክትክታ ወይም ከአጋም ግንድ አንድ ክንድ ያህል ርቀው፣ ሁለት ሁለት ዘር ሦስት ጣት ጥልቀት ላይ ይቅበሩ። ዘሩ ትኩስ ይሁን፤ ከርሞ የሰነበተ ዘር አይበቅልም። ማንጎዎ ወይም ሎሚዎ አጠገብ ግን አይዝሩት፤ የሚጠባው እነርሱንም ነው።

አንድ ነገር ልቆጣዎት፣ ቅር አይበልዎ። ቢጫ ቅጠል ባየን ቁጥር ዳፕ ወይም ዩሪያ የምንልበትን ልማድ በየሄድኩበት አያለሁ። የዱር ዛፍን እንደ ጤፍ ማሳ መጥረግም እንዲሁ። እንኮዩን የለቀሙበትን ዱር ያስታውሱ፤ ማን ኮተኮተው? ማን ዳፕ ጨመረበት? ለማዳበሪያ ሊያወጡ ያሰቡትን ገንዘብ ኪስዎ ውስጥ ይተዉት።

ስለ ሎሚው ልጅዎ የተሳሳተበት ምክንያት ይገባኛል፤ እሾህ አለው፣ ፍሬውም ይኮመጥጣል። ወገናቸው ግን አይገናኝም፣ ከሎሚ ጋርም አይዳቀልም። ልጅዎ ሁለቱን ቅጠሎች በእጁ አሽቶ ያሽትታቸው፤ የሎሚው ሎሚ ሎሚ ሲል፣ የእንኮዩ የኮክ ዘር ሲሰበር የሚሸተውን ምሬት ያለበት ሽታ ይሰጠዋል። በሳይንስ ስሙ «ዚሜኒያ አሜሪካና» ይባላል፤ የስዊድኑ የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ይህን ስም ሲሰጠው የሚያውቀው ከአሜሪካ ስለነበረ ነው እንጂ በአፍሪካም፣ በእስያም፣ በአውስትራሊያም በዱር ይበቅላል።

አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ፍየል እንዳይቀድምዎ በእያንዳንዱ ዙሪያ የግራር እሾህ ይከምሩ። በሚቀጥለው ክረምት አጋማሽ ላይ ስንቱ አረንጓዴ እንደሆነ፣ የርግብ አተሩም ምን ያህል እንደያዘ ቆጥረው ይጻፉልኝ።