ጠይቁን፦ ታብሌቱ መጣ፣ ማን ይያዘው?

ጥያቄ 1፦ ሰላም ለእናንተ። ገጠር ቀመስ ከተማ ያለ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ማትሮን (የነርሶች ኃላፊ) ነኝ። ከሪፈራል ሆስፒታል ሲኒየሮች (ስፔሻሊስት ሀኪሞች) ጋር በቪዲዮ ኮንሰልት አድርጉ (ስለበሽተኛ ተማከሩ) ተብሎ ታብሌት መጣልን፣ ዋይፋይ ተገጠመ፣ የሁለት ቀን ስልጠናም ተሰጠ። የሰለጠኑት ሁለት ልጆች ናቸው፣ አንዱ ዝውውር አግኝቶ ሄደ፣ ሌላዋ ዱቲ ካልሆነች ታብሌቱ ተቆልፎበት ይውላል። ሜዲካል ዳይሬክተራችን "ሁሉም ዲግሪ አለው፣ ስልክ መያዝ ማን ያቅተዋል" ይላሉ። ለማን ምን ላስተምር? መቻላቸውንስ በምን ልወቅ?

መልስ፦ ሲስተር፣ ዳይሬክተራችሁ ግማሽ ልክ ናቸው፣ ቲክቶክ ላይ የሚያድር ሁሉ ቪዲዮ መክፈትማ አያቅተውም። ጉዱ ያለው ስልኩ ከመከፈቱ በፊትና ከተዘጋ በኋላ ነው። ሲኒየሩ ከማዶ "ቢፒዋ ስንት ነው?" ሲል ነርሷ የደም ግፊት መለኪያ ፍለጋ ትሮጣለች፣ ስትመለስ ኔትወርኩ ሄዷል፣ ሲኒየሩም ሌላ በሽተኛ ጋ ገብቷል። ይሄን ደግሞ የቱንም ያህል የአፕሊኬሽን ስልጠና ብትሰጪ አያድነውም።

ስለዚህ መጀመሪያ በሽተኛዋን ማዘጋጀት አስተምሪ። ቢፒ ሁሉም የሚችለው ይመስለዋል፣ ቁመሽ እይ እስቲ። አምስት ደቂቃ አርፋ፣ ጀርባዋን ደገፍ ብላ፣ እግሯን ሳታነባብር፣ ክንዷ በልቧ ትክክል ሆኖ፣ ሳታወራ ነው የሚለካው፣ ወፍራም ክንድ ላይ ጠባብ ማሰሪያ ከታሰረ ቁጥሩ ያለልክ ከፍ ይላል። ጥፍር ቀለም ካላት ወይም እጇ ከቀዘቀዘ የኦክስጅን መለኪያውም ያሳስታል። ሲኒየሩ መድሀኒት የሚያዘው እናንተ በነገራችሁት ቁጥር ነው እኮ!

ፎቶም እንደዛው ነው። ቁስል ሲነሳ በቀን ብርሀን፣ አንዴ ከራቅ አንዴ ከቀረብ፣ ስፋቱ እንዲታወቅ አጠገቡ ማስመሪያ ተደርጎ ነው። ቢጫ አምፖል ስር የአይን ቢጫነት የወባ ይሁን የጉበት ይሁን የመብራቱ ይሁን ማንም አያውቀውም። በኛ ቆዳ ላይ ደግሞ መቅላት በካሜራ ብዙም አይታይም፣ ስለዚህ ነርሷ በእጇ ዳስሳ ይሞቃል፣ አብጧል፣ ጠጥሯል ብላ በአፏ ትናገር።

ቀጥሎ አነጋገር ነው። ታሪኩን ከአያት ከቅድመ አያት አይጀምሩ፣ የሚፈልጉትን አስቀድመው ይበሉ። "ዶክተር፣ የ50 ዓመት ሴት ናት፣ ስኳር አለባት፣ እግሯ ላይ ቁስል አለ፣ ዛሬ ልላካት ወይስ እዚሁ ላክማት ነው ጥያቄዬ" ካለች በኋላ ታሪኩ፣ የለካችው፣ ያየችው ይከተላል። ትእዛዝ ሲሰጣት መልሳ ትድገመው። ፊፍቲና ፊፍቲን በሚቆራረጥ መስመር አንድ ናቸው፣ አሀዝ በአሀዝ "አምስት ዜሮ" እየተባለ ነው የሚነገረው፣ ከዛ ወዲያው ቻርት ላይ ከነሰአቱና ከነሀኪሙ ስም ይጻፍ፣ ነገ ይጻፋል የተባለ አይጻፍም።

ሌላው መቼ ስልኩን እንደሚተዉት ማወቅ ነው። የምትደማ ነፍሰጡር፣ የሚንቀጠቀጥ ልጅ፣ መተንፈስ ያቃተው ሰው ካለ ኔትወርክ አይጠበቅም፣ ህክምናው እየተጀመረ ላይዘን (ሪፈር የሚያስተባብረው) ይደውል፣ አምቡላንስ ይውጣ። የአለም ጤና ድርጅትም በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ቴሌሜዲሲን (ከርቀት በስልክና በቪዲዮ የሚሰጥ ህክምና) በአካል የሚሰጠውን ህክምና ያግዝ እንጂ አይተካ ብሏል።

አሁን ለማን? ለሁሉም እኩል አይደለም። ኦፒዲ (ተመላላሽ ህክምና)፣ ድንገተኛና ማዋለጃ ያሉ ነርሶችና አዋላጆች በሙሉ ማዘጋጀቱንና መናገሩን ይቻሉ፣ ኮንሰልቱን የሚመሩት ጠቅላላ ሀኪሞቹና ኤችኦዎቹ (ጤና መኮንኖቹ) ይሁኑ፣ ቻርጅና ኔትወርኩን የአይቲው ልጅ ይያዝ፣ እሱ በሌለበት የሚተካውም ይታወቅ። ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፊ፣ ወደታች ስም ወደጎን ስራ። ሳጥኑ የሚሞላው በሰርተፊኬት አይሁን፣ ሰርተፊኬት ሻይ እረፍት ላይ ለነበረውም ይሰጣል። አንድ የሚችል ሰው አጠገቡ ቆሞ ሲሰራ አይቶት ሲፈርምና ቀን ሲጽፍ ብቻ ይሞላ። ታብሌቱን ሳይነካ ሶስት ወር ያለፈው እንደገና ይታይ። ዱቲ ስታወጪም ወረቀቱን እያየሽ በየፈረቃው ቢያንስ ሁለት የሚችል ይኑር፣ ቁልፉም ድንገተኛ ክፍል ይቀመጥ፣ ኪስ ውስጥ ገብቶ ቤት አይሂድ።

ዝውውሩን ማስቆም አትችዪም፣ እውቀቱን ግን ማስቀረት ይቻላል። አበል የበላ ያስተምር! ከስልጠና የተመለሰ በሳምንቱ ሞርኒንግ (የጠዋት ስብሰባ) ላይ የተማረውን ያቅርብ፣ ሁለት ሰው እስኪያበቃም ሌላ ስልጠና አይላክ (አንድ ሰው ብቻ ሁሌ የሚላክበት ነገር እዛም እንዳለ እንጠረጥራለን)። ኮንሰልቱ ራሱም ትምህርት ቤት ነው፣ ዶክተር ሳንጂቭ አሮራ በ2003 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ፕሮጀክት ኢኮን ሲጀምሩ የጉበት ቫይረስ በሽተኞችን ከተማ ከመጥራት ይልቅ የገጠር ሀኪሞችን በቪዲዮ ሰብስበው ኬስ እያስቀረቡ ነው ያስተማሩት። እናንተም ሲኒየሩን በሳምንት አንዴ "ምን ጎደለን?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ከማንኛውም ፈተና የሱ መልስ ይሻላል። በነገራችን ላይ ጥቁር አንበሳ ከህንድ ሃይደራባድ ሆስፒታል ጋር በቴሌሜዲሲን የተገናኘው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው፣ ያኔ ዛሬ ኪሳችሁ ያለው ስልክ እንኳ አልነበረም።

ጥያቄ 2፦ አዲስ አበባ አዛውንቶችን ቤታቸው የሚንከባከብ ድርጅት አለኝ። ሀኪም በቪዲዮ ያያቸዋል፣ አጠገባቸው የሚሆኑት ግን የኔ ሰራተኞች ናቸው፣ ብዙዎቹ ነርስ አይደሉም። አንዷ እናት አሜሪካ ሀኪም የሆነች ልጅ አለቻቸው፣ በዋትስአፕ መድሀኒት ቀይሪ ትላለች፣ እዚህ ያለው ሀኪም ሌላ ይላል። ሰራተኛዬ ተጨንቃለች።

መልስ፦ ማንም ይጨነቃል። ደንቡን አንተ አውጣ፣ ሰራተኛዋ የምትታዘዘው እዚህ የስራ ፈቃድ ያለው አካሚ ሀኪም በጽሁፍ ያዘዘውን ብቻ ነው። የአሜሪካዋ ልጅ ከሀኪሙ ጋር ትነጋገር፣ ይህንንም ለቤተሰቡ ውል ስትፈርሙ ተናገር፣ ሰራተኛዋ ራሷ "እምቢ" እንድትል አታድርጋት፣ ደሞዟን የሚከፍሉት እኮ እነሱ ናቸው።

ነርስ ላልሆኑት ዋናው ችሎታ ከትላንት የተለየውን ማየት ነው። ራሳቸው ይጎርሱ የነበሩ እናት ዛሬ ማንኪያ ካቃታቸው፣ ዝም ካሉ ወይ ከቀባጠሩ ይነገር፣ አዛውንት ላይ ኢንፌክሽን ትኩሳት ሳያሳይ እንዲህ ሊመጣ ይችላል። ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ቪዲዮ የለም፣ በቀጥታ ሆስፒታል ነው፣ ደህና ሆነው የታዩበት የመጨረሻ ሰአትም ተጽፎ ይሂድ፣ ሀኪሞቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።

ካሜራ ሲከፈት ደግሞ እናትየው ይጠየቁ። ሲታጠቡ የተነሳ የጀርባ ቁስል ፎቶ አክስት አጎት ባሉበት የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ የተላከበትን አይተናል፣ አሳፋሪ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ውስጥ ነው የመደበው፣ ሰራተኞችህ የድርጅቱን ስልክ ይጠቀሙ፣ በግል ስልካቸው ፎቶ አያንሱ።

ጥያቄ 3፦ 54 ዓመቴ ነው፣ ጤና ጣቢያ ያለሁ ኤችኦ ነኝ። ይሄ የታብሌት ነገር ልጆቹ ፊት ያሳፍረኛል። ጡረታዬን ልጠብቅ?

መልስ፦ ጋሼ፣ እንዳያደርጉት። ሆድ ዳስሰው የሚያገኙትን ካሜራው አያገኘውም፣ ሲኒየሩም ከማዶ የሚያምነው እንደርስዎ አይነቱን እጅ ነው። ከአንድ ወጣት ጋር ይጣመሩ፣ እሱ ስክሪኑን ያሳይዎት እርስዎ ምርመራውን ያሳዩት። ፓስዎርዱን ብቻ ወረቀት ላይ ጽፈው ታብሌቱ ጀርባ ላይ አይለጥፉ።