ስልኩ ሳይሰበር «አይሆንም» ሲባል

የቴክኖሎጂ ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥኳቸው ሦስቱም ደብዳቤዎች እዚሁ ከጎንደር የመጡ ናቸው። የመጀመሪያው ረዘም ይላል፣ መልሱም እንደዚያው። በየሄድኩበት የምጠየቀው እሱን ስለሆነ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ «በኛ» ካላልኩ በስተቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትህ? ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ቤቴ አዘዞ ነው። ውጭ አገር ያለው ልጄ የላከልኝ ስልክ አለችኝ። አልወደቀች፣ ውኃ አልነካት፣ መስታወቷ እንኳን አልተጫረም። ሰሞኑን ጡረታዬ ገብቶ እንደሆነ ልይ ብዬ የባንኩን አፕ ብከፍት «አዲሱን ያውርዱ» አለኝ። ላወርድ ስል ደግሞ ለዚህ ስልክ አይሆንም ይላል። ስልክ ቤት ወሰድኳት። ልጁ ገና እጁ ሳትገባ «ጋሼ፣ ይቺ ሞታለች፣ አዲስ ይግዙ» አለኝ። የምትደውል፣ ፎቶ የምታነሳ፣ ሬዲዮ የምታሰማ ስልክ እንዴት ሆና ሞተች? ቴሌግራሙም ቢሆን በየጊዜው መልኩን ይቀያይርብኛል። ትናንት እዚህ ያየኋት ነገር ዛሬ ሌላ ቦታ ናት። ካምፓኒዎቹ አዲስ እንድንገዛ ሆን ብለው ነው ወይስ እኔ ነኝ ያረጀሁት?
(መምህሩ፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። እርስዎ ምንም አልሆኑም። ስልኳም አልሞተችም፣ ጊዜዋ ነው ያለፈባት።

እስቲ አንድ ነገር ይዩልኝ። ሴቲንግ ይግቡና እስከ ታች ይውረዱ፤ «ስለ ስልኩ» ወይም «አባውት ፎን» የሚል አለ። እሱ ውስጥ የአንድሮይድን፣ ማለትም ስልኩን የሚያንቀሳቅሰውን ዋና ሶፍትዌር፣ ቁጥር ያገኛሉ፣ እዚያው አካባቢ ደግሞ «ሴኩሪቲ ፓች» የሚል መስመር ከነቀኑ ይኖራል። ያ ቀን ስልክዎ የደረሰው የመጨረሻው የደኅንነት ጥገና ነው። ሰው ስልክ ይዞ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው፣ ካሜራውን አይደለም። 2019 የሚል ካዩ፣ ከዚያ ወዲህ የተገኙት፣ ሌባ የሚገባባቸው የሶፍትዌር ቀዳዳዎች በርስዎ ስልክ ላይ እንደተከፈቱ ናቸው ማለት ነው። ባንክ ገንዘብዎን እንዲህ ያለ ስልክ ላይ ማሳየት ቢፈራ አልፈርድበትም። የምፈርድበት ድንገት በሩን በመዝጋቱ ነው። ወር ቀደም ብሎ አንድ የጽሑፍ መልእክት ቢልክ ምን ይጎድልበት ነበር?

ሠሪው ለምን ጥገናውን ያቆማል? አንድሮይድን የሚሠራው ጉግል ነው። አዲሱ ሲወጣ ግን በቀጥታ እርስዎ ኪስ አይገባም። የስልኩ ሠሪ ለየሞዴሉ ማስተካከል አለበት፣ እሱ ደግሞ በተራው ቺፑን፣ ማለትም የስልኩን አንጎል፣ የሚሠሩትን፣ ኳልኮምን ወይም ሚዲያቴክን ይጠብቃል። ቺፕ ሠሪው አሮጌውን ቺፕ ከተወው፣ ስልክ ሠሪው ቢፈልግም ብዙ አይራመድም። ርካሽ ስልክ ላይ ደግሞ ትርፉ ቀጭን ስለሆነ መፈለጉም ያጠራጥራል። በ2023 ለወጣው ጉግል ፒክስል 8 እና በ2024 ለወጣው ሳምሰንግ ኤስ24 የ7 ዓመት ማሻሻያ ቃል ተገብቷል። ደስ ይላል፣ ግን ሁለቱም ውድ ስልኮች ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት ነው ትንሽ ጠንከር ያለው፤ ከጁን 2025 ጀምሮ አዲስ የሚወጣ ስልክ ሽያጩ ካበቃ በኋላ እንኳን ቢያንስ 5 ዓመት ማሻሻያ እንዲያገኝ ደንግጓል።

ሰው የማያስተውላት ነገር እዚህ ጋ ናት። ብዙ ጊዜ ሠሪው ዓመቱን የሚቆጥረው ሞዴሉ ገበያ ከወጣበት ቀን ነው፤ እርስዎ የገዙበትን ቀን አያውቀውም። አራዳ ገበያ ካርቶኑ ሳይከፈት፣ ላስቲኩ ሳይላጥ የሚሸጥ ስልክ ከወጣ ሦስት ዓመት አልፎት ሊሆን ይችላል። ሦስት ዓመት ብቻ ጥገና ቃል የተገባለት ከሆነ፣ አዲስ ብለው የገዙት ስልክ ገና ከመከፈቱ ጊዜው አልቋል። መድኃኒት ቢሆን የሚያበቃበት ቀን ጀርባው ላይ ይጻፍ ነበር፣ ስልክ ላይ ግን ማንም አይጽፈውም። ሻጩም አይነግርዎትም፤ ብዙውን ጊዜ እሱም አያውቀውም። ስለዚህ ልጅዎ ሌላ ልላክ ካለ ስለ ካሜራና ስለ ጊጋ ከማውራቱ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ይሄ ሞዴል የወጣው መቼ ነው፣ የደኅንነት ማሻሻያው እስከ መቼ ነው? ሁለቱም በሠሪው ድረ ገጽ ላይ ወይም በትንሽ ፍለጋ ይገኛሉ።

ሆን ብለው ነው ወይ ላሉኝ፣ ያመነ ካምፓኒ አለ። አፕል በዲሴምበር 2017 ባትሪያቸው የደከመ አሮጌ አይፎኖችን በማሻሻያ እንዳዘገያቸው ተናገረ። ምክንያቱ ከንቱ አልነበረም፤ የደከመ ባትሪ ሥራ ሲበዛበት ስልኩን ድንገት ያጠፋዋል። ግን ለባለቤቱ አልነገረውም። ሰውየው ስልኬ አረጀ ብሎ አዲስ ይገዛል፣ ባትሪ ብቻ ቢቀይር በቂው ሆኖ ሳለ! ፈረንሳይ በ2020 25 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣችው ለደንበኞቹ ባለመንገሩ ነው። አሜሪካ ውስጥም እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ሁሉም እንደዚያ ያደርጋል አልልም። አብዛኛው ተንኮል እንኳን አያስፈልገውም፤ ዝም ብሎ መተው ይበቃዋል።

የቴሌግራሙ ነገር ሌላ ነው፣ እዚያ ላይ ሙሉ በሙሉ ከርስዎ ጋር ነኝ። ያለቀለት ሶፍትዌር ለካምፓኒ ገንዘብ አያመጣም። ስለዚህ አያልቅም። መልእክት መላኪያ የነበረው ቴሌግራም በ2022 ፕሪሚየም ብሎ ወርኃዊ ክፍያ አመጣ፣ በ2023 ደግሞ ስቶሪ ጨመረ። ስቶሪ የጠየቀ ማን ነበር? እኔ አልጠየቅኩም፣ እርስዎም የጠየቁ አይመስለኝም። ክፋቱ ደግሞ ቀዳዳ የሚደፍነው ጥገናና ቁልፍ ቦታ የሚያቀያይረው ጌጥ በአንድ ከረጢት ነው የሚመጡት። ሰው በጌጡ ይናደድና ማሻሻያውን ከነአካቴው ይዘጋዋል። ይናደዱ እንጂ አይዝጉት።

አሁን ጡረታዎን እንዴት ያዩታል? ቅርንጫፍ ይሂዱና በአጭር ቁጥር የሚሠራውን ያስከፍቱ። በኮከብ ተጀምሮ በመሰላል የሚያልቀው ማለቴ ነው፤ ተራ የቁልፍ ስልክ ላይም፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ቴሌብርም *127# አለው። ስልኳን አይጣሏት፤ ትደውል፣ ሬዲዮዋንም ታሰማ። ገንዘብ ብቻ አያስነኳት። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የስልክ ቤቱ ልጅ «ጋሼ፣ አሮጌውን አፕ ከቴሌግራም አውርጄ ልጫንልዎ» ካለ ወይም በዜንደር ከሌላ ስልክ ላሻግርልዎ ካለ እሺ እንዳይሉ። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የባንክ አፕ የይለፍ ቁጥርዎን ለማን እንደሚያቀብል አይታወቅም።

ጥያቄ፦ ወንድም ዓለም፣ ፒያሳ አካባቢ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ኮምፒውተሮቼ ዊንዶውስ 10 ናቸው። ዘመኑ አልቋል፣ ፎርማት አድርገን 11 እንጫንልሽ እያሉ ያስቸግሩኛል። ልቀይር? ደግሞ የድሮ የአማርኛ ጽሑፎቼ አንዳንድ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ ዝብርቅርቅ ያለ የፈረንጅ ምልክት ይሆናሉ። ቫይረስ ነው?
(እኅታችሁ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ እታለም፣ ቫይረስ አይደለም። ከሱ ልጀምር፣ የሚያስቸኩለው እሱ ነው።

ድሮ የአማርኛ መጻፊያዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፎንት ነበራቸው። ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚቀመጠው የእንግሊዝኛ ፊደል ወይም ምልክት ነው፤ ፎንቱ ነው ከላይ «ሀ» አስመስሎ የሚያሳይሽ። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቺው ገመናው ይወጣል። ፊደላችን በዩኒኮድ፣ ሁሉም ኮምፒውተር በሚጋራው የፊደላት መዝገብ፣ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 ነው፣ ያም ሆኖ ሰው በድሮው መጻፍ የቀጠለው ብዙ ዓመት ነው። ስለዚህ ፎርማት የሚለውን ልጅ አስቁሚው። ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ገና እየሠራ ሳለ ጽሑፎቹን አንድ በአንድ ከፍተሽ በፒዲኤፍ አስቀምጫቸው፤ መልካቸው እንዳለ ይቆያል። ደጋግመሽ የምታርሚያቸውን፣ ለምሳሌ የውል ቅጽና የማመልከቻ ናሙና፣ ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር ፕሮግራም ቀይሪያቸው፤ ከተቀየረ በኋላ ግን ዓይንሽ እያየ አንብቢው፣ ፊደል የሚዘል አለ። የፎንቱን ፋይልም ፍላሽ ላይ ገልብጪው። ይሄ ሁሉ ሳይሆን ፎርማት ከተደረገ የስንት ዓመት ሥራሽ የማይነበብ ይሆናል።

ዊንዶውስ 10ን በተመለከተ፣ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመው ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ነው፣ በኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018። ኮምፒውተሩ በዚያ ቀን አይጠፋም፣ እንደ መምህሩ ስልክ ቀዳዳው መደፈኑ ነው የሚቆመው። ለግል ተጠቃሚ የአንድ ዓመት የደኅንነት ማራዘሚያ አለ፣ እስከ ኦክቶበር 2026። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል፣ ከኢንቴል ቺፖችም በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ በታች ያሉትን አይቀበልም። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ በጓሮ በር የሚጭኑልሽ አሉ፤ ማይክሮሶፍት እንዲህ ለተጫነው ማሻሻያ እልካለሁ ብሎ ቃል አልገባም። ለጽሕፈት ቤት እኔ የማደርገው፦ ሰው በየደቂቃው ፍላሽ የሚሰካበትንና ኢሜይል የሚከፈትበትን አንዱን ኮምፒውተር አዲስ ማድረግ፣ የቀሩትን ከኢንተርኔት ነቅሎ ለታይፕ ብቻ ማስቀረት።

«ሁሉንም ኢንተርኔት ላይ አስቀምጪው» የሚልሽም ይመጣል። በኛ በ2015 ክረምት የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት ስንቀመጥ ሥራው የቀጠለለት ፋይሉ በእጁ የነበረ ሰው ነው። ፒያሳ ያሉ ፎቶ ቤቶች ዛሬም ድረስ ፎቶሾፕ ሲኤስ6 ላይ የሙጥኝ ያሉ ብዙ ናቸው፣ 2012 ላይ የወጣውን። ኋላ ቀርነት አይደለም። የፎቶሾፕ ሠሪ አዶቤ ከ2013 ወዲህ በየወሩ ክፈሉ ነው የሚለው፣ በዶላር። በኛ ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ያ ወርኃዊ ክፍያ በብር ምን እንደሆነ አንቺው አስቢው። የፎቶ ቤቶቹ ሲኤስ6 አብዛኛው የተሰረቀ ቅጂ መሆኑን ግን ዝም ብዬ አላልፍም፤ ቫይረስ ከሚገባባቸው በሮች አንዱ ክራኩ፣ ያለ ክፍያ የሚያስከፍተው ፕሮግራም፣ ራሱ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ፣ ማራኪ ግቢ ተማሪ ነኝ። ያገለገለ አይፎን ኤክስ በደህና ዋጋ አግኝቻለሁ። ልግዛው?
(ከማራኪ)

መልስ፦ የ2017 ስልክ ነው፣ ሶፍትዌሩ ከአይኦኤስ 16 በላይ አይወጣም። ዛሬ ዋና ዋናዎቹ አፖች ይሠሩልሃል፣ ስንት ዓመት ግን ብዬ ቃል አልገባልህም። «ፕሮሰስ ነው፣ ላይፍ ነው» ብለህ ከቆረጥክ፣ ሴቲንግ ውስጥ ባትሪ ሄልዝን፣ የባትሪውን ጉልበት በመቶኛ የሚያሳየውን፣ እይ። ያቺ ቁጥር እንኳን የመጣችው ለመምህሩ ከነገርኳቸው ከዚያ ጉድ በኋላ ነው። ከ80 በመቶ በታች ከሆነች የባትሪውን ዋጋ ከሚጠይቅህ ላይ አስቀንስ። ከዚያ ሻጩ አንተ ፊት ከአይክላውዱ፣ ማለትም ከአፕል አካውንቱ፣ ይውጣና ስልኩን ያጽዳው፣ እንደ አዲስ ሲነሣ የማንም ኢሜይል እንዳይጠይቅህ። «ፓስዋርዱን ረስቼው ነው፣ ማታ እልክልሃለሁ» ካለህ ብርህን ኪስህ ከተትና ወደ ግቢህ ሂድ።