ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ አገጬ ላይ ፀጉር ይወጣል፤ ሌዘር ልሠራ ወይስ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ26 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው አራት ኪሎ፣ የምሠራው ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ ውስጥ ነው። ከ19 ዓመቴ ጀምሮ አገጬና የላይኛው ከንፈሬ ላይ ጥቁር፣ ጠንከር ያለ ፀጉር ይወጣብኛል። በየሳምንቱ ውበት ሳሎን ሄጄ በክር አስነቅላለሁ፤ በመሃል ደግሞ ራሴ በወረንጦ እለቅመዋለሁ። አሁን ቦታው ጠቁሯል፣ ብጉር የመሰለ ነገርም ያብጥብኛል። ለጥቁረቱ መርካቶ ከአንድ ሱቅ ክሬም ገዝቼ ለወራት ተቀባሁ። መጀመሪያ ፊቴን ጥርት አደረገው፤ አሁን ግን ይቀላል፣ ያቃጥለኛል፣ ጉንጬ ላይም ቀድሞ ያልነበረ ፀጉር እያየሁ ነው። የወር አበባዬ በሁለት ወር፣ አንዳንዴም በሦስት ወር ነው የሚመጣው። ክብደትም ጨምሬያለሁ። እናቴ «ምላጭ ካስነካሽው ጺም ይሆንብሻል» ትለኛለች፤ ጓደኛዬ ሌዘር ተሠሪ ትላለች። እጮኛዬ በቅርቡ ሽማግሌ ይልካል፤ ሠርጉን ከፋሲካ በኋላ አስበነዋል። እሱ ስለዚህ ነገር አያውቅም። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ልጅ አልወልድ ይሆን የሚለው ነው። እባክዎ ይምከሩኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ፍርሃትሽ ልጀምር፤ እንቅልፍ የሚነሳሽ እሱ እንደሆነ ይገባኛልና። ከነገርሽኝ ተነስቼ የምጠረጥረው ችግር አብዛኛውን ጊዜ እርግዝናን ያዘገይ ይሆናል እንጂ አይከለክልም፤ ሕክምናም አለው። ይህን ካልኩ በኋላ ግን በግልጽ ልንገርሽ፦ ከጻፍሽው ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ የአገጭሽ ፀጉር አይደለም። ያሳሰበኝ በሁለትና በሦስት ወር የሚመጣው የወር አበባሽና ያ ክሬም ነው።

ሴት ሁሉ ፊቷ ላይ ስስ፣ አጭርና ለስላሳ ፀጉር አላት። «የወንድ ሆርሞን» የምንላቸውን አንድሮጅኖች የሴት ሰውነትም በትንሹ ያመርታቸዋል። እነዚህ ሆርሞኖች ሲበዙ፣ ወይም መጠናቸው ልክ ሆኖም የፀጉሩ ሥር ለትንሹም ቶሎ የሚነቃ ሲሆን፣ ያ ስስ ፀጉር ወደ ጥቁርና ወፍራም ፀጉር ይለወጣል። ከንፈር ላይ፣ አገጭ ላይ፣ በጡቶች መካከል፣ ከእምብርት በታች፣ አንዳንዴም ጀርባ ላይ ይወጣል። በሕክምና ሂርሱቲዝም ይባላል፤ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ 100 ሴቶች ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ ይታያል። ጠዋት ከአራት ኪሎ ወደ ሜክሲኮ በሚወስድሽ አውቶቡስ ውስጥ ካንቺ ሌላ ሁለት ሦስት ሴቶች ተመሳሳይ ነገር ይኖራቸዋል ማለት ነው። ሁሉም ስለሚደብቁት እያንዳንዷ ብቻዋን የሆነች ይመስላታል። አንቺም ሴትነትሽ የጎደለ አይደለም፤ «ወንዳወንድ» የሚለው ስድብ ስንቷን ልጅ በዝምታ እንዳቆሰለ በየቀኑ አያለሁ።

በዚህ ምክንያት ከሚመጡ 10 ሴቶች ሰባት ወይም ስምንቱ ላይ የምናገኘው ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም ወይም በአጭሩ ፒሲኦኤስ የሚባለውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለጃ ዕድሜ ካሉ 100 ሴቶች ከ10 እስከ 13 የሚሆኑት አለባቸው፤ አብዛኞቹም አያውቁትም። በዚህ ችግር ብዙ ጊዜ የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ኢንሱሊን የተባለው ሆርሞን ሥራውን በደንብ ስለማይሠራ ሰውነት አብዝቶ ያመርተዋል፤ የበዛው ኢንሱሊን ደግሞ እንቁላል የሚያመርተው ኦቫሪ ተጨማሪ አንድሮጅን እንዲያመርት ይገፋፋዋል። እንቁላሉ በየወሩ አይወጣም፣ የወር አበባ ይራራቃል፣ ብጉር ይመጣል፣ ክብደት ለመጨመር ይቀላል፣ ለመቀነስ ይከብዳል። ያንቺ ታሪክ ከዚህ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ቢሆንም ሳይመረመር አይባልም። «ሲስት» የሚለውን ቃል ሰምተሽም አትደንግጪ፤ በአልትራሳውንድ የሚታዩት እድገታቸውን ያልጨረሱ ትንንሽ የእንቁላል ከረጢቶች ናቸው፤ ዕጢም ካንሰርም አይደሉም፤ በቀዶ ሕክምና የሚወጡም አይደሉም።

የወር አበባሽ መራራቅ ያሳሰበኝ ለፀጉሩ ብቻ ብዬ አይደለም። ደሙ ለወራት ሳይመጣ ሲቀር የማህፀን ግድግዳ እየወፈረ ይሄዳል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ለማህፀን ግድግዳ ካንሰር ያጋልጣል። «ባይመጣ ይሻላል፣ ተገላገልኩ» የሚሉ ልጆች ያጋጥሙኛል። መገላገል አይደለም። ከሦስት ወር በላይ ከቀረ፣ እርግዝና አለመሆኑ ተረጋግጦ፣ እንዲመጣ የሚያደርግ መድኃኒት መውሰድ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ክሬሙ። ዛሬውኑ ቱቦውን አውጥተሽ የተጻፈበትን አንብቢ። ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታሶን ወይም ሞሜታሶን የሚል ካለበት ፊት ለማጥራት ያልተሠራ የስቴሮይድ መድኃኒት ነው። ለማድያትና ለጥቁረት ተብሎ በየሱቁ የሚሸጠው ክሬም ብዙ ጊዜ ይህ ወይም ይህ የተቀላቀለበት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያጠራል፤ ሰውን የሚያታልለውም ይኸው ነው። ቆየት ሲል ቆዳውን ያሳሳል፣ ትንንሽ የደም ሥሮችን ያወጣል፣ ብጉር ያመጣል፣ እናም የፊት ፀጉር ያበቅላል። ጉንጭሽ ላይ አዲስ የመጣው ፀጉር ከዚህ የመነጨ ሊሆን ይችላል። ደስ የሚለው፣ በክሬም የመጣ ፀጉር ክሬሙ ከቆመ በኋላ በወራት ውስጥ ብዙውን ጊዜ እየሳሳ ይጠፋል። ግን ለረጅም ጊዜ የተቀቡት ስቴሮይድ በአንድ ጊዜ ሲቆም ፊት ሊቀላ፣ ሊያብጥና ሊያሳክክ ስለሚችል በቆዳ ሐኪም ክትትል እንድታቆሚው እመክራለሁ። ሐኪም ጋ ስትሄጂ ቱቦውን ይዘሽ ሂጂ፤ አትፈሪ፣ ማንም አይቆጣሽም። እኔ የምቆጣው ያለ ሐኪም ትእዛዝ በሚሸጡት ላይ ነው።

ምርመራውን ቅርብሽ ካለ ጤና ጣቢያ ጀምረሽ በሪፈር መሄድ ትችያለሽ። ጥቁር አንበሳ ለመንደርሽ ሩቅ አይደለም፤ አለርትም በቆዳ ሕክምና የቆየ ስም አለው። ላለፉት ስድስት ወራት የወር አበባሽ የመጣባቸውን ቀናት በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፤ ከብዙ ላቦራቶሪ የበለጠ ይነግረናል። ከዚያ የእርግዝና ምርመራ፣ ቴስቶስትሮን፣ የታይሮይድና የፕሮላክቲን ሆርሞን፣ 17 ሃይድሮክሲፕሮጀስትሮን የሚባለው ሆርሞን (ጠዋት በማለዳ፣ የወር አበባ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢወሰድ ይመረጣል)፣ የደም ስኳርና የደም ቅባት፣ የደም ግፊት ልኬት እንዲሁም አልትራሳውንድ ይታዘዙልሻል። ሁሉም ለሁሉም ሴት አያስፈልግም። የወር አበባው ከተዛባና የአንድሮጅን መብዛት ምልክት በግልጽ ካለ፣ ሌሎቹ በሽታዎች አለመኖራቸው ከተረጋገጠ፣ ፒሲኦኤስ ለማለት አልትራሳውንድ የግድ አይደለም። ገንዘብሽን በዚህ ላይ መቆጠብ ትችያለሽ።

እናትሽን በተመለከተ፣ ከፍቅር የተነሳ ቢሆንም የሚሉት ትክክል አይደለም። ምላጭ ፀጉሩን ከቆዳው በላይ ይቆርጠዋል እንጂ ሥሩን አይነካውም። ሲበቅል ጫፉ ደልዳላ ስለሚሆን ሻካራና ወፍራም ይመስላል፤ ቁጥሩም ውፍረቱም ግን አይጨምርም። ይህ በ1928 እ.ኤ.አ. በጥናት ታይቷል፤ ከዚያ ወዲህም አልተሻረም። እንዲያውም አሁን ካለሽበት ሁኔታ አንጻር ክሩንና ወረንጦውን አቁመሽ በንጹሕ ምላጭ፣ በውሃና በለስላሳ አረፋ፣ ፀጉሩ በሚሄድበት አቅጣጫ ብትላጪው ይሻልሻል። እንደኛ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ፀጉር ከሥሩ ሲነቀል አዲሱ ብዙ ጊዜ ተጠማዞ ወደ ቆዳው ውስጥ ይገባል፤ ያብጣል፣ ከዚያ ጥቁር ነጥብ ትቶ ይሄዳል። አገጭሽን ያጠቆረው ይኸው በየሳምንቱ የሚደረግ ንቀላ ነው ብዬ እገምታለሁ። ዋክስም እንዲሁ። ፀጉር የሚያሟሟ ክሬም ደግሞ በስቴሮይድ በሳሳ ፊት ላይ ሊያቃጥል ስለሚችል ለጊዜው ተዪው።

ሌዘር ጥሩ ነገር ነው፤ ለኛ ቆዳ ግን የማሽኑ ዓይነት ወሳኝ ነው። ሌዘር የሚሠራው ጥቁሩን ቀለም ፈልጎ በማሞቅ ነው፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ራሱ ቀለም አለው። በዚህ ምክንያት ለፈረንጅ ቆዳ የተመቸ ማሽን እኛን ሊያቃጥልና ነጭ ወይም ጥቁር ጠባሳ ሊተው ይችላል። ለጠቆረ ቆዳ ይበልጥ አስተማማኙ ኤንዲ ያግ የሚባለው፣ የሞገድ ርዝመቱ 1064 ናኖሜትር የሆነው ነው። አይፒኤል የሚባለው የብርሃን ማሽን በየሳሎኑ «ሌዘር» ተብሎ ይሠራበታል፤ ሌዘር አይደለም፣ ለኛ ቆዳም አልመክረውም። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ማሽኑ ምንድን ነው፣ የሚሠራው ማን ነው፣ ቢያቃጥለኝ የሚያክመኝ ሐኪም አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ። በትንሽ ቦታ ተሞክሮ ውጤቱ ሳይታይ ሙሉ ፊትሽን አትስጪ። በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ ስድስት ወይም ስምንት ጊዜ ያህል ስለሚደጋገም የሙሉውን ዋጋ ቀድመሽ እወቂ። ከመጀመሩ ከአራት ሳምንት በፊት ጀምሮ መንቀል አይፈቀድም፤ ሌዘሩ የሚፈልገው ሥሩን ነውና። መላጨት ግን ይቻላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ደመና በሆነ ቀን እንኳ ፀሐይዋ ቆዳን ትጎዳለች፤ ስለዚህ ከሌዘር በፊትም በኋላም የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ ነጠላ ወይም ጃንጥላ አይለይሽ።

ሌዘር ፀጉሩን በእጅጉ ይቀንሳል እንጂ ለዘለዓለም ያጠፋል ማለት አይደለም። ሆርሞኑ ሳይስተካከል ሌዘር የጀመረች ሴት አዲስ ፀጉር ማብቀሏን ትቀጥላለች፤ አልፎ አልፎም ሌዘሩ ራሱ በዙሪያው ያለውን ስስ ፀጉር ያነቃዋል። ነጭ ፀጉር ላይ ደግሞ አይሠራም። ለነጭና ለጥቂት ፀጉሮች እያንዳንዱን ሥር በመርፌ በኤሌክትሪክ የሚያቃጥለው ኤሌክትሮሊሲስ አለ፤ እሱ በቋሚነት ያጠፋል፣ ግን ጊዜ ይፈጃል፣ ብልህ እጅም ይፈልጋል። ኤፍሎርኒቲን የተባለ የሚቀባ ክሬምም አለ፤ መጀመሪያ የታወቀው የእንቅልፍ በሽታን በማከም ነው። የፀጉሩን እድገት ያዘገያል፣ ሲቆም ግን ይመለሳል። ሁሉም ፋርማሲ አይገኝም፤ ካጣሽው ብዙ አልቀረብሽም።

ከውስጥ የሚወሰዱት መድኃኒቶች ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ኤስትሮጅንና ፕሮጀስቲን የተባሉ የሴት ሆርሞኖች ያሉበት የእርግዝና መከላከያ እንክብል ነው። ላላገባች ልጅ ይህን ማዘዝ ሲያስደነግጥ አያለሁ፤ «ማህፀን ያደርቃል» የሚለው ወሬም በየቤቱ አለ። አያደርቅም። ደሙን ያስተካክላል፣ የማህፀንን ግድግዳ ይጠብቃል፣ አንድሮጅኑንም ይቀንሳል፤ ሲቆም የመውለድ አቅም ወደነበረበት ይመለሳል። ዲፖ መርፌና ክንድ ውስጥ የሚቀበረው ግን ኤስትሮጅን ስለሌላቸው ለዚህ ዓላማ አይተኩትም። የደም ግፊት፣ የደም መርጋት ታሪክ፣ ወይም ዓይን ላይ ብልጭታ እያሳየ የሚመጣ ማይግሬን ካለብሽ ሳትናገሪ እንዳትጀምሪው። ሁለተኛው ስፓይሮኖላክቶን ነው፤ በልብና በግፊት መድኃኒትነቱ በየፋርማሲው ይታወቃል። በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ የወንድ ጽንስን ሊጎዳ ስለሚችል ከመከላከያ ጋር ብቻ ነው የሚሰጠው። ከሠርጉ በኋላ ወዲያው ማርገዝ የምትፈልጊ ከሆነ ይህን ለሐኪምሽ አሁኑኑ ንገሪ፤ ሕክምናሽ በዚያ መልክ ይታቀዳል። ሜትፎርሚን ለስኳሩና ለወር አበባው ይረዳል፣ ለፀጉሩ ግን ብቻውን ብዙ አይፈይድም። ከታዘዘልሽ ከምግብ ጋር ውሰጂው፤ በጾም ወራትም ከጾሙ መፍቻ ምግብ ጋር ማድረግ ይቻላል። ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ብቻ የብዙዎችን የወር አበባ መልሶ ያስተካክላል። በጾም ጊዜ ዳቦ፣ ፓስታና ሩዝ ሲበዛ ክብደት ይጨምራል፤ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን አብዢ።

ትዕግሥት ያስፈልግሻል። የፀጉር ዕድሜ ረጅም ስለሆነ የመድኃኒቱን ውጤት ለማየት ቢያንስ ስድስት ወር ይፈልጋል። በሁለተኛው ወር «አልሠራም» ብለው የሚያቆሙ ብዙ ናቸው። ሠርጉ ከዚያ በፊት ቢደርስም አትጨነቂ፤ ለሠርጉ ቀን ቀደም ብሎ በዋዜማው መላጨት ይበቃሻል። ልጅ ስትፈልጊ እንቁላል ባይወጣ ሌትሮዞል የሚባል መድኃኒት አለ፤ ፒሲኦኤስ ያለባቸው ብዙ ሴቶች በእሱ፣ ብዙዎችም ያለ ምንም መድኃኒት ወልደዋል። ለእጮኛሽ መንገር አለመንገር ያንቺ ውሳኔ ነው። ብትጠይቂኝ ግን ንገሪው እልሻለሁ፤ በየዕለቱ የሚዋጥ መድኃኒት ከሚያገባሽ ሰው ደብቆ መኖር ይከብዳል፤ ውጤቱን ስትቀበዪም አብሮሽ ቢኖር ጥሩ ነው።

ይህን የምታነቡ ሌሎች እህቶችም አንድ ነገር ለዩ። የጠያቂያችን ዓይነቱ፣ ለዓመታት ቀስ እያለ የመጣ ፀጉር፣ ቀጠሮ መጠበቅ ይችላል። በጥቂት ወራት ውስጥ በድንገት የበዛ፣ ድምፅ የጎረነነበት፣ የራስ ፀጉር ከፊት የሳሳበት፣ ጡንቻ የጠነከረበት፣ የብልት ቂንጥር ያደገበት ወይም የወር አበባ ጭራሽ የቆመበት ከሆነ ግን ከኦቫሪ ወይም ከኩላሊት በላይ ካለው አድሬናል ዕጢ የመነጨ እብጠት ሊሆን ይችላል። ፊት ክብ ሆኖ ሆድ ላይ ወይን ጠጅ ሰንበር ከወጣም እንዲሁ። ካረጡ በኋላ አንድ ሁለት ፀጉር አገጭ ላይ መውጣቱ የተለመደ ነው፤ በፍጥነት መብዛቱ ግን አይደለም። እነዚህ ከታዩ ሳሎንም ፋርማሲም ሳይኬድ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ መቅረብ ያስፈልጋል።